እግር የሚያስነሳ ብርድ ልብስ

አሜሪካኖች ነገርን ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት ያለኝ ሰው የሚስ ሊንዳን ጋራዥ አላየም። ሚስ ሊንዳ እዚህ ቴክሳስ፣ ማኪኒ ከተማ አጥር የምንጋራት ባልቴት ናት፤ የመኪና ማቆሚያ ጋራዧ ውስጥ ከእራፊ ጨርቅ ብርድ ልብስ ትሰፋለች፣ ኩዊልት ይሉታል። እኔ ድሮ ጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ጥለት አፍ አለው! መሃሉ ላይ ቀይ ካሬ ያለበት የሰፋሪዎች የግንድ ጎጆ ነው፤ ቀዩ ምድጃው፣ ዙሪያው ግድግዳው። የተደረደሩት ሦስት ማዕዘኖች ደግሞ የሚበሩ ዝይዎች ናቸው። ቅድመ አያቶቿ በፈረስ ጋሪ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ የተዉትንም የሚያልሙትንም ቤት በመርፌ ጽፈውታል። እናንተዬ፣ ጋሪ ላይ እየተንገጫገጩ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት! እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬም አልችል።

አንድ ቅዳሜ አረንጓዴና ነጭ፣ የወፍ እግር የሚመስል ጥለት ያለበትን አንስታ ሰጠችኝ። "ልጅ እንዳታስተኛበት" አለችኝ ጣቷን እየወዘወዘች። ስሙ "የሚንከራተት እግር" ነው። እሱን ለብሶ የተኛ እግሩ አያርፍም፣ ቤቱን ጥሎ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል ይባላል። እናቶች ፈርተው "የተርኪ ዱካ"፣ የዚያ የትልቁ የፈረንጅ ዶሮ፣ ብለው ስሙን ሁሉ ቀይረውለታል። ከልጆቿ የሚወስደው ስላጣች ነው ለእኔ የደረሰኝ።

እሷ ስታስጠነቅቀኝ ልቤ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ጋሽ ደምሴ አለ።

ጋሽ ደምሴ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ለሁለት ሳምንት ብለው ከሲያትል መጡ፤ ይኸው ስምንተኛ ወራቸው። ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ይዘዋል፣ መኪና ገዝተዋል። የሚተኙት በልጄ በማክዳ ክፍል ነው። ማክዳ ሳሎን ሶፋ ላይ ታድራለች፤ የኮሌጅ ማመልከቻዋንም እዚያው ጉልበቷ ላይ ትሞላለች። "ዳዲ፣ ሶ መቼ ነው የሚሄደው?" ትለኛለች፤ አንቱታ እስካሁን አልገባላትም። ባለፈው ሰሞን መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ስታለቅስ ሰማኋት። ግን እንግዳን ውጣ የሚል አማርኛ ማን አስተማረኝ? ሚስቴ "ያንተ ዘመድ ናቸው፣ ራስህ ንገራቸው" ትላለች። እኔም ነገ እላለሁ።

ሶ፣ ብርድ ልብሱን አልጋቸው ላይ አነጠፍኩላቸው። "ብርዱ እንዳይጎዳዎት" ብዬ። ነሐሴ ነበር፣ ያውም የቴክሳስ ነሐሴ። እሳቸው ግን "ኤሲው እኮ አጥንት ይሰረስራል፣ ተባረክ" ብለው መረቁኝ። አፈርኩ፤ ብርድ ልብሱን ግን አላነሳሁም።

በአሥረኛው ቀን፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሻንጣቸውን ይዘው ሳሎን ውስጥ ቆሙ።

"ልጆቼ፣ በቃ አስቸገርኳችሁ። ኧርቪንግ ከተማ ያለ ወዳጄ ክፍል አለኝ ብሎ ኮል አድርጎልኝ ነበር። ዛሬ ልግባ ብዬ ነው።"

ማክዳ ላፕቶፗን ዘጋች። ሚስቴ ትንፋሿን ያዘች። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው፤ ኦኬ። የሦስት ዓመት ልጅ ይለዋል።

"ምን አጠፋን?" አልኩ። "እኔ እያለሁ ሰው ቤት? እኔ ልሙት አይሄዱም!" ሻንጣውን ከእጃቸው ነጠቅኩ። ሚስቴ ታድነኛለች ስል፣ እሷም ብድግ ብላ "በማርያም ጋሼ፣ ምን ጎደለብዎት?" ብላ ደረበችበት። ወጉ ነው እንግዲህ፤ እንግዳ ልሂድ ሲል ይለመናል፣ እሱም እምቢ ብሎ ይሄዳል። እኛ ድርሻችንን ተወጣን። ጋሽ ደምሴ የሳቸውን ረሱት።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እንዲህ እንደምትወዱኝ አላውቅም ነበር" አሉ። ሻንጣቸውን ተቀብለውኝ ወደ ማክዳ ክፍል ተመለሱ፤ በሩንም ዘጉ።

ማክዳ ላፕቶፗን መልሳ ከፍታ፣ እዚሁ ዳላስ ያለውን ኮሌጅ ከማመልከቻዋ አጥፍታ በምትኩ ወደ ምዕራብ፣ ካሊፎርኒያ ያለውን መሙላት ጀመረች።

"እዚያ ክፍል ይሰጣሉ፣ ዳዲ" አለችኝ። "በር ያለው።"

እኔ ልሙት አትሄጂም ልላት አፌን ከፈትኩ። ምን ዋጋ አለው፣ መሐላዬን ጋሽ ደምሴ ላይ ጨርሼዋለሁ።