ንግሥቲቱ በር ላይ ቀረች

የታሪክ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ እናንተም እስክታነቡት ድረስ እንቅልፍ የለውም። ልብ ወለድ ያነበበ ተክዞ ይቀመጣል፤ የታሪክ አንባቢ ግን ጎረቤት ያስሳል።

በሰፈራችን በሽኩና ጊሜል የእንዲህ ያሉ አንባቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ክቡር አባባ ዘርዑ ናቸው፤ መከራው የወደቀው ደግሞ ጎረቤታቸው ባይነሽ ላይ ነው። አንድ ቀን ስለ ጥንት ነገሥታት የሚተርክ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አስታቀፏትና «እንደ ልብ ወለድ ነው የሚነበበው!» አሏት። ከዚያ ወዲያ ሰላም የላትም። አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ «የት ደረስሽ?» ሱፐር ውስጥ ቲማቲም ስትመርጥ፣ «የት ደረስሽ?» አንዴ ልገላገል ብላ «ንጉሡ ሲሞት» አለቻቸው። «የትኛው ንጉሥ?» አሉ ዓይናቸው በርቶ። ለካ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የማይሞት ንጉሥ የለም።

ባይነሽ መናገር አፍራ ነው እንጂ አንድ ገጽ አላነበበችም። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ለብሰው ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስባታል። አረጋውያን በምትጦርበት ቤት የአንዷን መድኃኒት ለሌላዋ ልትሰጥ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሥራዬን ላጣ ነው እያለች የቀዶ ሕክምናውን ቶር፣ ወረፋውን ማለት ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ጠበቀች።

ስልኩ የተደወለው ዓርብ ጠዋት የሰንበት ዳቦ ስታቦካ ነው። እጇ ሊጥ ነው። አባባ ዘርዑ እንደ ልማዳቸው «የት ደረስሽ?» ሊሉ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እባክዎ አባባ፣ ያንሱልኝ! የሆስፒታሉ ቶር ነው!»

አነሱት። ጸሐፊዋ በዕብራይስጥ «ኤይዜ ታአሪኽ ኖአሕ?» አለች፤ የትኛው ቀን ይመቻል ማለቷ ነው። ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር የኖሩት አባባ ዘርዑ «ታአሪኽ» ቀን መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። ጆሮ ግን የሚሰማው የጓጓለትን ነው። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ራሱ ደውሎ «የትኛው ታሪክ?» አላቸው።

«የንግሥቲቱ ነዋ!» አሉና በአማርኛ አወረዱት። ጦሩ ግንቡን ከበበ፤ ንግሥቲቱ የወንድ ልብስ ለብሳ በሩ ላይ ደረሰች፤ ዘበኛው «ቁም!» አለ። ባይነሽ በሊጥ እጇ ስትሮጥ የስልኩ ባትሪ አለቀ። ሰንበት አልፎ እሑድ ብትደውል ቀኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

«ይውሰዱልኝ!» ብላ መጽሐፉን መለሰችላቸው። «ዓይኔን ነው ያጠፉት!»

«ለካ አታዪም ኖሯል?» አሉ በቀስታ፤ ጡባቸውን ታቅፈው ሄዱ። ከዚያ በኋላ «የት ደረስሽ?» የሚላት ጠፋ። እፎይ ብላ ነበር፤ ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ አውቶቡሱ ይዘገይባት ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ።

«እማማ ባይነሽ፣ ዲክላ ነኝ፣ የሆስፒታሉ ጸሐፊ» አለች በአማርኛ፤ ያቺ ቀን የጠየቀችው ጸሐፊ ለካ የእኛው ልጅ ኖራለች። «አንድ ሰው ቶሩን ቢጤል አደረገ፤ ተሰረዘ። ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ። አቫል... ግን ያቺ ንግሥት ምን ሆነች? አባቴን ጠየቅሁት፣ አያውቅም።»

ባይነሽ ስልኩን እንደያዘች የአባባ ዘርዑን በር ደበደበች። «ንግሥቲቱ ምን ሆነች?»

ማንም ሳይጠይቃቸው ሲያወሩ የኖሩት ሰውዬ እጃቸውን አጣምረው «አይነገርም! እንዲህ ያለው ይነበባል እንጂ!» አሏት።

«ስሚ ልጄ» አለች በስልኩ፣ «ታአሪኹን ስጪኝ፤ ታሪኩን እኔው ይዤልሽ እመጣለሁ።»

በቀጠሮዋ ቀን አባባ ዘርዑን ይዛ ሄደች፤ እሳቸው መጽሐፋቸውን ይዘዋል። ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ ስትወጣ፣ ዲክላና ወረፋ ጠባቂዎቹ ሽማግሌውን ከበው ቁጭ ብለዋል። መጽሐፉ ተከድኗል።

«የት ደረሳችሁ?» አለች ባይነሽ።

«የትም» አሉ አባባ ዘርዑ፣ ወንበር እየሳቡላት። «ንግሥቲቱን በሩ ላይ አቁመን አንቺን እየጠበቅን ነው።»