በወ/ሮ ትርፊት ጓሮ የተቀመመው ጉድጓድ ጉዳይ

የ«ጤናችን ከጓሯችን» የሰፈር ኮሚቴ ሰባተኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሆሳዕና፣ የወ/ሮ ትርፊት በረንዳ (የሰብሳቢው ሳሎን የነጭ ሽንኩርት ሽታው አልወጣ ብሎ ቤተሰቡ ስለተቃወመ)
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡20 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ ተረፈ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር
2. አቶ ወንዳፈረው፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ በግብርና መጋዘን ብዙ ዓመት ቁልፍ ይዘው ስለቆዩ «ኤክስፐርት» ተብሎ እንዲጻፍላቸው ያሳሰቡ
3. ሐጂ ጁነዲን፣ አባል፣ የቅመም ነጋዴ
4. ወ/ሮ ትርፊት፣ አባል፣ የበረንዳውም የጓሮውም ባለቤት
5. ወ/ሮ ረሂማ፣ አባል፣ የወ/ሮ ትርፊት ጎረቤትና የእንሰት ሥራ ባልንጀራ
6. ቲቶ፣ ጸሐፊ፤ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ ባልተገኘበት ስብሰባ የተመረጠ

ያልተገኙ፦ አቶ አጵሎስ። ባለፈው ስብሰባ በተላለፈው ውሳኔ መሠረት ፌጦ በነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዳቸው ጠጥተው ከቤት ርቀው መሄድ አልቻሉም። ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል።

ከሰባት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው ውሳኔ አፈጻጸም

ሰብሳቢው የአቶ አጵሎስ ሁኔታ ፌጦው መሥራቱን ያሳያል አሉ። ወ/ሮ ረሂማ ከአቶ አጵሎስ ባለቤት እንደሰሙት ከሆነ ፌጦው ከተላከበት በላይ እየሠራ ነው አሉ። ሐጂ ጁነዲን አጥሚት ይሻላቸዋል ብለው ነበር፤ አጥሚት በኮሚቴው ያልጸደቀ መሆኑ ተነገራቸው። ከረዥም ውይይት በኋላ ፌጦ ወደፊት ከምግብ በኋላ እንዲሆን፣ አቶ አጵሎስም ሄዶ እንዲጠየቁ ተወሰነ። ማን ሄዶ እንደሚጠይቃቸው አልተወሰነም።

አጀንዳ 2፦ የሰብሳቢው ጉልበት መዳን

ሰብሳቢው ሁለት ዓመት ሲያስነክሳቸው የኖረው የቀኝ ጉልበታቸው በዚህ ሳምንት መዳኑን ካበሰሩ በኋላ በጉባኤው ፊት ቁጢጥ ብለው ተነሡ። ተጨበጨበ። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ወደ ምክትላቸው ተመለከቱ።

አቶ ወንዳፈረው በፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር ነገር ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የተቀመመ ቆጮ» መሆኑን አስተዋወቁ። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቦክቶ ሲወጣ ብቻውን ለሆድ መልካም ነው፤ ገና ሲቦካ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድ ቢጨመርበት ግን ቆጮ መሆኑ ቀርቶ ፋርማሲ ይሆናል ሲሉ አስረዱ። ሰብሳቢው ከእሑድ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በጥፍራቸው ጫፍ ይቀምሱ እንደነበር፣ ምክትላቸውም አብረው እንደቀመሱ ተገለጸ። ፌስታሉ ለአባላት ዞረ። ሴቶቹ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ሲመጣባቸው ሳይከፍቱት አሳለፉት። ሐጂ ጁነዲን ሳይበስል የማይቀምሱ መሆናቸውን አሳወቁ። ጸሐፊው እጁ በጽሑፍ ተይዟል በሚል አለፈው።

ሐጂ ጁነዲን ቀጥለው፣ ያ ጥቁር አዝሙድ ባለፈው ሳምንት ከሱቃቸው ለሻይ ተብሎ መወሰዱን አስታውሰው፣ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ወንዳፈረው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ማብራሪያ ጀመሩ። ጥያቄው ተደገመ። ሰብሳቢው ጉድጓዱ «ከዚህ ብዙም የማይርቅ» መሆኑን ገለጹ።

ወ/ሮ ትርፊት ይዘውት የነበረውን ጆግ አስቀምጠው የሚከተለውን ተናገሩ። «ከያሆዴ በዓል በፊት ከረሂማ ጋር ወገባችን እስኪከዳን ፍቀን የቀበርነው ለልጄ ለሐዳሳ ሠርግ ነው። አባቷ የለም። አዳራሹን ሙሽራው ተከራየ፣ ቬሎውም የኪራይ ነው። ከእናቷ ቤት ወጣ የሚባልላት ያ ቆጮ ብቻ ነው። የሚመጡት የሙሽራው ወገኖች ደግሞ የጎረቤት ዞን የሀደሮ ሰዎች ናቸው፤ ቆጮን ሳይቀምሱ በማሽተት ብቻ የሚያውቁ። ጋሽ ተረፈ፣ ልጄን ፊደል ያስቆጠሯት እርስዎ ነዎት፤ እኔን መጠየቅ ምን ከበደዎት?»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ጥቂት ሳይጽፍ ቆይቷል። እናት ስታለቅስ ቃለ ጉባኤ መያዝ ያስጠላል።

ወ/ሮ ረሂማ፣ እንሰት ከሚፋቅበትና ከሚቀበርበት ቦታ ወንድ እንደማይደርስ፣ አባቶቻቸው በዚያ ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር አስታወሱ። ሰብሳቢው ደንቡ አልተጣሰም አሉ፤ የገቡት እሑድ ሴቶቹ በሌሉበት በመሆኑ ቦታው በዚያ ሰዓት የሴቶች አልነበረም። ወ/ሮ ትርፊት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ በዚያው እሑድ ጋሽ ተረፈ በጉልበት ሕመም ከአምልኮ ቀርተዋል ተብሎ ምእመኑ ቆሞ እንደጸለየላቸው፣ ያ ጉልበት ግን አጥራቸውን መሻገሩን ጠቆሙ። ሰብሳቢው ለጸሎቱ አመሰገኑ።

ወ/ሮ ረሂማ በየት በኩል እንደከፈቱ ጠየቁ። አቶ ወንዳፈረው «አቮካዶው ሥር ነዋ። ኮባ ለብሶ ድንጋይ የተጫነበት። ሽታውን ገና ከአጥሩ ለይቼዋለሁ፤ ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው» አሉ። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ፈቃድ ሳይጠይቁ ወደ ጓሮ ሄዱ። ወንዶቹ ሊከተሏቸው ብድግ ካሉ በኋላ ወንድ እንደማይደርስ ትዝ ብሏቸው ተቀመጡ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ (ሴቶቹ በሌሉበት)

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ሀ. ቆጮው አልተበላሸም። በሁለት ድጋፍና በሐጂ ጁነዲን አንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ጸሐፊው እጁን ቢያወጣም ጸሐፊ ድምፅ የለውም ተባለ።

ለ. በሠርጉ የጥሪ ካርድ ላይ «ምግቡ መድኃኒትነት አለው» የሚል ይጨመር።

ሐ. የሀደሮ እንግዶች ቅር ቢላቸው «የሀዲያ ቆጮ እንዲህ ነው» ይባሉ። ሐጂ ጁነዲን ይህ ሁለት ዞን ያጣላል በማለታቸው «የሰፈራችን አዲስ አሠራር ነው» በሚል ተሻሻለ።

መ. ወ/ሮ ትርፊት ይቅርታ ይጠየቁ። ሰብሳቢው ሐሳቡን ያመነጨው ምክትላቸው ነውና እሱ ይጠይቅ አሉ። ምክትሉ አጥሩን ቀድመው የዘለሉት ሰብሳቢው ናቸው አሉ። በመጨረሻም ጸሐፊው በጽሑፍ ይጠይቅ ተብሎ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ጸሐፊው እንደተነገረው ድምፅ የለውም።

ይህ እየተጻፈ ሳለ ከጓሮ ድምፅ ተሰማ። ሰብሳቢው «እያለቀሰች ነው» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሐጂ ጁነዲን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ለቅሶ አለመሆኑን ተናገሩ።

ወ/ሮ ረሂማ ሳቁ ስላላቆማቸው ግድግዳ ተደግፈው ገቡ። ወ/ሮ ትርፊት የሠርጉ ቆጮ ከጓዳው ጀርባ በተቀበረበት እንዳለ፣ ማንም እንዳልነካው ገለጹ። አቮካዶው ሥር ያለው ለጎመናቸው የሚያዘጋጁት ብስባሽ ነው፤ ኮባና ድንጋዩ የተደረገበት ዶሮ እንዳይጭረው ነው። ምክትል ሰብሳቢው ብስባሹ ከምን ከምን እንደተሠራ ጠየቁ። «ከእንሰት ትራፊ፣ ከጎመን ግንድ፣ ከአመድና ከእበት» የሚል መልስ ተሰጠ። ሰብሳቢው የመጨረሻው እንዳይጻፍ አመለከቱ፤ ጸሐፊው ግን ጽፎ ነበር።

አቶ ወንዳፈረው ፌስታሉን ወደ ኪሳቸው መልሰው ውኃ ያለበትን ጠየቁ። ወ/ሮ ረሂማ «ወንድ ዕድሜ ልኩን ቆጮ በልቶ ጉድጓዱን አያውቀው» ሲሉ አስተያየት ሰጡ። ተቃውሞ አልቀረበም። ሰብሳቢው ለመነሣት ሲሞክሩ የቀኝ ጉልበታቸው ስለከዳቸው ሐጂ ጁነዲን ደገፏቸው። በዚያው እንደቆሙ፣ ጸሐፊውን ሳይጠብቁ፣ ወ/ሮ ትርፊትን በገዛ አፋቸው ይቅርታ ጠየቁ። ድምፃቸው የርዕሰ መምህር አልነበረም። ወ/ሮ ትርፊት «ይሁን ጋሼ፣ ጎመኔ ግን ዘንድሮ ጉንፋን አይዘውም» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ፌጦውን ጨምሮ፣ ተሽሯል። የሰብሳቢው መዳንም ተሽሯል፤ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። የተጨበጨበው እንዳልተጨበጨበ ይቆጠራል። ወንዶቹ አባላት ለሐዳሳ ሠርግ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፤ ከጓዳው ጀርባ አይደርሱም።

ስብሰባው 6፡45 ላይ ተዘጋ። ወ/ሮ ትርፊት ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ቆርሰው ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ እጃቸውን መልሰው፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ። ወ/ሮ ትርፊት ኤክስፐርቱ ያሽትቱና ይንገሩን አሉ።

ፊርማ፦ ከምክትል ሰብሳቢው በስተቀር ሁሉም ፈርመዋል። እሳቸው ይህ እስከተጻፈበት ድረስ ቧንቧው ጋ እየተጉመጠመጡ ነው።