ከጥጉ ዲከረንስ ሥር የጠፋው ቫልቭ

ወገኖቼ፣ ተቀመጡና አንብቡ! ዛሬ እንጅባራ ላይ የደረሰብኝን ቆማችሁ ብታነቡት ትወድቃላችሁ።

እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ገና አልታጠብኩም። ግን ደስ ብሎኛል!

ስለ ትጋት፣ ስለ ሥርዓት፣ ስልክ ላይ ስለሚያፈጡ ልጆች እዚህ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ተቆጥቼ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ትልቋ ልጄ ሰብለ ምሕንድስና ተምራ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው በሰፈራችን ትምህርት ቤት ነው። ግቢውን በሙሉ በኮምፒውተር ሞዴል እየሠራችው ነው። ተራ ሥዕል እንዳይመስላችሁ! ግድግዳውን ስትነኩት በውስጡ ያለፈው የመብራት ገመድ ይታያል። መሬቱን ስትገልጡት ቧንቧው ይወጣል። ቧንቧውን ስትነኩት ማን እንደቀበረው፣ መቼ መታደስ እንዳለበት ይነግራችኋል።

የወላጆች ኮሚቴ ዛሬ አይቶ ሊወስን ነበር። ከተቀበለው ሥራዋ ይቀጥላል። ካልተቀበለው ልጄ ላፕቶፗን ዘግታ ቤት ትገባለች።

እኔም የኮሚቴው አባል ነኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት?

አልቻልኩማ!

የዚያን ግቢ ቧንቧ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ የለመድኩት ሙያ ነው። ተነሣሁና፣ «ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ካርታው እዚህ አለ!» ብዬ በጣቴ ጭንቅላቴን ነካሁ።

ሰብሳቢያችን ጋሽ አለኸኝ ጨዋታ ይወዳሉ። «እንግዲያው አያ ካሳ፣ የውኃውን መዝጊያ ቫልቭ ያሳዩን። ከእርስዎና ከልጅዎ ማን እንደሚቀድም እንይ!» አሉ።

ሰብለ፣ «አባዬ፣ ግድ የለም ይቅርብዎ» አለችኝ።

ይቅርብኝ? እኔን?

ዶማ ይዤ ወጣሁ። ቫልቩን ስቀብር ምልክት ያደረግሁት ጥጉ ላይ ያለውን ዲከረንስ ነበር። ከአዊ ውጭ ላላችሁ፣ ዲከረንስ ለከሰል የምንተክለው ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይቆረጣል። ዛፉን አገኘሁት። ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ቢሮው ዞርኩ። እዚህ ነው!

ቆፈርኩ። የለም።

ጨመርኩ። የለም።

ተማሪው በየመስኮቱ ተሰቀለ። የግቢው ዘበኛ መጣና፣ «አያ ካሳ፣ ድንች ነው የሚፈልጉት?» አለኝ።

ተናደድኩና ዶማውን ከልቤ አነሣሁት።

ጧ!

ቫልቩን አይደለም። ዋናውን ቧንቧ!

ውኃው ፊቴን በጥፊ መታኝ፣ የጋሽ አለኸኝን ኮት አጠበ፣ ከዚያ ወደ መጻሕፍት ክፍሉ ይጋልብ ጀመር። አዲሶቹ የተማሪ መጻሕፍት ደግሞ ወለል ላይ ተደርድረዋል!

«ቫልቩ የት ነው?» ይጮኻል ሁሉም። እነሱ እኔን ያያሉ፣ እኔ ዛፉን አያለሁ።

ሰብለ ታብሌቷን ይዛ ጭቃው ውስጥ ገባች። ስክሪኑን አየች። መሬቱን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያወጡት አፈር ሥር ነው።»

አዎ! እየቆፈርኩ አፈሩን ስቆልል የነበረው በራሱ በቫልቩ ላይ ነው!

ሁላችንም አፈሩን በእጅም በአካፋም ዛቅነው። ቫልቩ ተዘጋ። ውኃው የመጻሕፍት ክፍሉን ደፍ ነክቶ ቆመ።

ጋሽ አለኸኝ ኮታቸውን እየጨመቁ፣ «አያ ካሳ፣ የእርስዎ ዛፍ እኮ ከሰል ሆኗል። ይህ በኋላ የተተከለ ነው፤ ረድፉም ፈቀቅ ብሏል። ይሸጥ ሲባል ቀድመው እጅ ያወጡት እርስዎ አልነበሩም?» አሉኝ።

ነበርኩ።

«አንቺስ መቼ ለካሽው?» አልኳት ልጄን።

«ሲቀብሩት ነዋ! ለእረፍት መጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ በስልኬ ፎቶ ሳነሣ፣ ‹ስልኩን አስቀምጪና አካፋ ያዢ!› ያሉኝ ቀን። ከቢሮው ግድግዳ ነው የለካሁት። ግድግዳ አይከስልም።»

ሕዝቡ እንዴት እንደሳቀ!

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቫልቩን በጣቷ ነካችው። የገጠመው ሰው ስም ወጣ። የእኔ ስም! ስስቅበት በከረምኩት ሞዴል ውስጥ!

ኮሚቴው ድምፅ ሲሰጥ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጭቃው እስከ ክንዴ እየወረደ። ሥራዋ ጸደቀ! ቧንቧውን ደግሞ እኔ በነፃ እንድጠግን ተወሰነ፤ ተገቢ ነው።

ግን ወገኖቼ፣ ያ ሞዴል! ጣሪያውን ታነሡታላችሁ፣ ግድግዳውን ታልፋላችሁ፣ ቧንቧዬ ከመሬት በታች እንደ ደም ሥር ይታያል! እያገላበጥኩት ሳለሁ ልጄ ከኋላዬ መጣች።

«አባዬ፣ ታብሌቱን ያስቀምጡና አካፋ ይያዙ!»

ያዝኩ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ስልክ ይዞ ሲቆም ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እያነሣ እንደሆነ ጠይቁት። እኔማ የምመካበት ምልክት የማንን ወጥ አብስሎ እንዳለቀ እንኳ አላውቅም።

የእናንተስ ዛፍ ዛሬም ቆሟል? ሄዳችሁ አይታችኋል?