የአቶ ውባንተ ቅዳሜ

ዘፈን ባለበት አገር ሁሉ ከዘፋኙ የበለጠ የሚያውቅ አንድ አድማጭ አይጠፋም። ደብረ ታቦር ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ውባንተ ነበሩ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከመሆናቸው በፊት ክራር ደርዳሪ ነበሩ። ክራሩ ግን የሚጋብዛቸው ከጠፋ ወዲህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

አቶ ውባንተ ቅናት የያዛቸው ፈንታሁን የሚባል ወጣት መምህር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በእቴነሽ ጠጅ ቤት ጊታር መጫወት የጀመረ ዕለት ነው። የቀበሌው ኪነት ቡድን "ዘፈናችሁ ትግል የለበትም" ብሎ የመለሳቸው ልጆች ናቸው። ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው ነው። አቶ ውባንተን ያንገበገባቸውም ይኸው ነበር፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱት የሰው ዜማ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ከፊት ይቀመጣሉ። ገና ክሩ ሲነካ "ቅኝቱ ወድቋል" ይላሉ። ከበሮው ቸኩሏል፣ ጊታሩን ጉንፋን ይዞታል፣ ልጁም አፉን አይከፍትም። አንዴ ለሥራ ወደ ገሳይ ከተማ ቢላኩ፣ ቅዳሜ እንዳያመልጣቸው ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ተመልሰዋል።

ልጆቹን የጎዳቸው ግን የእሳቸው አፍ አልነበረም። ጠጪ "ተቀበል" ብሎ ግጥም ሲሰጥ ዘፋኝ ተቀብሎ ያዜማል፤ ወጉ ነው። ፈንታሁን ግን ከራሱ ግጥም ሌላ አይቀበልም። ሰው ተቀየመና ወደ ጎረቤቱ አዝማሪ ቤት ሸሸ። አንድ ቅዳሜ እቴነሽ የዚያን ምሽት ቤቱ ካልሞላ ከእንግዲህ እንዳይመጡ ቁርጡን ነገረቻቸው።

አቶ ውባንተ ይህን ሲሰሙ ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣም አለ። በዚያ ላይ ዘውዱ የሚባል ነጋዴ "ተቀበል" ብሎ ግጥም ቢሰጥ ፈንታሁን አልተቀበለውም። ነጋዴው ብርሌውን አስቀምጦ ተነሣ፤ የቀሩት ጥቂቶችም ሊከተሉት ነጠላቸውን አጣፉ። ይሄኔ አቶ ውባንተ ብድግ አሉ።

"ተቀበል፣ ልጄ።

ዋንዛዬ ወርጄ ታጥቤ ብመጣ፣
ያንቺ ነገር ብቻ ከሆዴ አልወጣ።"

ፈንታሁን ክው አለ። ስለ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚለው ግጥም የራሱ ነው፤ ማንም ልብ ብሎ የሰማው አይመስለውም ነበር። ተቀበለ። አቶ ውባንተ ስንኝ በስንኝ እስከ መጨረሻው ሰጡት፤ አንዲት ቃል አልሳቱም። ነጋዴው ከበሩ ተመለሰ፤ የአዝማሪው ታዳሚም ጭብጨባውን ሰምቶ መጣ፤ ቤቱ ሞላ።

ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሲበተኑ ሰው ሁሉ ለግጥሙ ያመሰገነው አቶ ውባንተን ነበር። ምስጋናው ጣማቸው። ለዓመታት የተራቡት ነገር ነው። ቢሆንም ዋጥ አደረጉና "የልጁ ነው" አሉ። ከዚህ በላይ የመረራቸው ቃል የለም።

ፈንታሁን እደጅ ድረስ ሸኛቸው።

"ጋሼ፣ ለቅዳሜ ክራርዎን ይዘው ቢመጡልን?"

"መጀመሪያ ቅኝታችሁን አስተካክሉ" አሉት።

ቤታቸው ገብተው ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ክራሩን ከግድግዳው አወረዱ። አቧራውን ጠርገው ቃኙት፤ በዚያው በልጆቹ የወደቀ ቅኝት።