ክብርት አስተያየት ሰጪ በሥዕል ትርዒት

በየቤተሰቡ አንድ አስተያየት ሰጪ አለ። የለንም የምትሉ ካላችሁ ወይ አስተያየት ሰጪው እናንተው ናችሁ፣ ወይ ዘመዶቻችሁን በደንብ አልቆጠራችሁም። አስተያየት ሰጪን የሚሾመው ሰው የለም፤ ራሱን ሾሞ፣ ለራሱ አጨብጭቦ ሥራ ይጀምራል። ደመወዝ አይጠይቅም፣ ፈቃድ አይወጣም፣ ሲያመው እንኳ ከአልጋው ሆኖ ይሠራል።

በእኛ ቤት ሥልጣኑ የተያዘው በአክስቴ ነው። ክብርት አክስቴ ከጸሐፊነት ሥራ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። በሥራ ዘመኗ የሦስት ሥራ አስኪያጆችን ደብዳቤ ስትተይብ ኖራለች፤ እሷ እንደምትለው ደግሞ ሦስቱንም አርማ ነው ያሰናበተቻቸው። ስትጀምር ሁልጊዜ በአንድ ሐረግ ነው፦ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን…»። ይህን የሰማ ሰው ከቻለ ተነሥቶ ይሂድ፤ ካልቻለ ወንበሩን አጥብቆ ይያዝ። የጥርስ ሐኪሟ አፏን አስከፍቶ ሲሠራ መናገር ስላልቻለች በጣቷ እየጠቆመች መብራቱን ወደ ግራ አስዞረችው። የቧንቧ ሠራተኛው ግን ሐኪሙን ያህል ትዕግሥት አልነበረውም። መፍቻውን እጇ ላይ አስቀምጦላት «በሉ እናቴ፣ እርስዎ ይጨርሱት» ብሎ ወጣ። ትጨርሰውም ነበር፣ ውሃው ሳሎን ባይደርስ ኖሮ።

ባለፈው ሳምንት ልጇ ደወለችልኝ። የአክስቴ ልጅ ሠዓሊ ናት። ለእንጀራዋ ማስታወቂያ ትነድፋለች፤ ከዚያ የተረፋትን ጊዜ በሙሉ ሸራ ላይ ታፈሳለች።

«ቅዳሜና እሁድ ምን አለህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያው እማዬን ውሰድልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የዘመናዊ ሥዕል ትርዒቶች በአንድ ቅዳሜና እሁድ ተገጣጥመዋል። አንደኛው በትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው። ሌላው የከተማው ዳር ላይ፣ ድሮ የሳሙና ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቡዝ፣ የእሷ ሥዕሎች ብቻ የሚሰቀሉበትን ማሳያ፣ ያገኘችው እዚያ ነው። እሁድ ከሰዓት አንዲት ስሟ የተከበረ የጋለሪ ባለቤት መጥታ ሥራዎቿን ልታይላት ቃል ገብታለች። ከወደደቻቸው ጋለሪዋ ውስጥ ታስገባታለች። ካልወደደቻቸው ልጅቷ ቀለሙን ጠቅልላ ሙሉ ለሙሉ ወደ ማስታወቂያዋ ልትመለስ ወስናለች።

«እማዬ አታውቅም። ዘንድሮ አልተሳተፍኩም ብያታለሁ» አለች። «ሁለቱንም ቀን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አቆይልኝ። አደራህን።»

ጨካኝ ልጅ እንዳትሏት፣ ያለፈውን ዓመት ልንገራችሁ። ያኔ ከጓደኞቿ ጋር ባዘጋጀችው ትርዒት ላይ አንድ ሰውዬ ሥዕል ሊገዛ እጁ ኪሱ ገብቶ ነበር። አክስቴ ጠጋ አለችና «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን ቢገለብጡት የበለጠ ያምራል» አለችው። ሰውየው አንገቱን አጣሞ አየው። እውነትም ሳያምር አልቀረም። የቱን ይዞ እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ሁለቱንም ትቶ ወጣ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ክብርት አክስቴን ይዤ ትልቁ አዳራሽ ደረስኩ። ስለ ራሴም አንድ ነገር ላስታውቅ፦ እኔ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው «እምም» ከሚሉት ወገን ነኝ። «እምም» ብዙ በር ይከፍታል። ከአክስቴ ጋር ለሚሄድ ሰው ግን አያገለግልም።

የመጀመሪያው ክፍል ጨለማ ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ሰውዬ ሽንኩርት እየላጠ የሚያለቅስበት ቪዲዮ ይታያል፤ ተመልካቹ በጸጥታ፣ ልክ ሐዘን ቤት እንደገባ ሆኖ ተቀምጧል። አክስቴ ጥቂት ታገሠች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን ቢላዋው ደንዟል» አለች።

ከኋላችን አንዲት ሴትዮ «እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ያሰበ አልነበረም። ስንወጣ ስለ ቢላዋ አሳሳል ክርክር ተይዞ ነበር።

ቀጥሎ ከ«ርዕስ አልባ» ጋር ተገናኘን። ርዕስ አልባ ቁጥር አንድ፣ ርዕስ አልባ ቁጥር ሁለት እያለ እስከ ሰባት ተደርድሯል። አክስቴ እየዞረች ከሥዕሎቹ ሥር የተለጠፉትን ወረቀቶች በሙሉ አነበበችና ሠዓሊውን አስጠራችው። ጺሙን ያሳደገ፣ ትሑት ወጣት ነው።

«ሰባቱም የአንተ ናቸው?»

«አዎ እናቴ።»

«ሰባት ወልዶ ለአንዱም ስም የማያወጣ ሰው ምን ይባላል?»

ልጁ ተመልካቹ በራሱ ስሜት እንዲረዳው ብሎ አንድ ነገር ሊያስረዳት ሞከረ። አክስቴ ግን ቁጥር ሦስት ፊት ደርሳ «ይሄማ ዝናብ የመታው ልብስ ነው» ብላለች። ስንሄድ ዞር ብዬ ሳይ ልጁ ቁጥር ሦስትን በአዲስ ዓይን እያየው ነበር።

እኔን ያሳፈረኝ ግን የበራሪ ወረቀቱ ጉዳይ ነው። ጥቁር በጥቁር የለበሰ አስጎብኚ ስለ አንድ ክምር ገመድ የሚያትት ወረቀት ሰጠን። ገጹን ከላይ እስከ ታች የሞላው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በባዶነትና በመኖር መካከል፣ በትዝታና በመርሳት መካከል እያለ ይወርዳል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። እስክሪብቶዋን አወጣች። ስትጨርስ ወረቀቱን በአክብሮት መልሳ ሰጠችው።

«ልጄ፣ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም።»

«ይቅርታ?»

«ገመዱ ምን ሆነ? ተቀመጠ? ተቆለለ? ጠፋ? አይልም እኮ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን እኔ ‹ተኝቷል› ብዬ አስሬልሃለሁ።»

አስጎብኚው አመሰገናት። ከዚያ የቀሩትን ወረቀቶች ሰብስቦ ከጠረጴዛው ሥር ከተታቸው። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው አቀርቅሬ ቆየሁ።

ያም ሆኖ ቅዳሜን ተወጣሁት። ማታ ለአክስቴ ልጅ «ሁሉም ሰላም ነው» ብዬ ደወልኩላት። አልነበረም። እሁድ ከምሳ በኋላ አክስቴን ልወስዳት ስሄድ የክት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጇ ላይ ትናንት ከመውጫው በር ያነሳችው የሌላኛው ትርዒት ማስታወቂያ አለ።

«የልጄ ስም እዚህ ተጽፏል» አለች። «አንድ ፊደል ገድፈዋል እንጂ እሷው ናት።»

አጎንብሼ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ነገር አነበብኩት።

«እኔ እንዳልመጣ ነው አይደል?»

ውሸት ፈልጌ አጣሁ። «ዛሬ ትልቅ ሰው ይመጣባታል፣ አክስቴ። ፈርታ ነው።»

ማስታወቂያውን በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መከፋቷን ከድምፅዋ አወቅኩ፤ ዝቅ ብሎ ነበር፣ አክስቴ ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ የላትም። «እንደ ማንኛውም ሰው አይቼ እወጣለሁ» አለች። «እናቷ ነኝ አልልም።»

ከቤተሰባችን ይህን ቢሰማ የሚያምን አንድ ሰው አይገኝም። እኔም አላመንኩም። ግን አልሄድም ብል በታክሲ እንደምትሄድ አውቃለሁና ተነሣን።

ፋብሪካው ውስጥ አሁንም የሳሙና ሽታ አለ። የአክስቴ ልጅ ቡዝ ከጥግ ነበር። ከሩቅ ስታየን ፊቷ አመድ መሰለ፤ የጋለሪ ባለቤቷ፣ ነጭ ፍሬም መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ሴት፣ ቀድማን ደርሳ ሥዕሎቹን እያየች ነበርና። ልጅቷ እኔን «ገደልከኝ» በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ ጣራውን ማየት ጀመርኩ።

አክስቴ በቀስታ ገባች። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንዳች አልተነፈሰችም። ትልቁ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከሞላ ጎደል ሸራውን የሞላ ሰፊ ግራጫ ነገር ነው፤ ከጎኑ ትንሽ ብርሃን አለ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ጤና ይስጥልኝ። ሠዓሊዋ እርስዎ ነዎት?»

በሕይወቷ ሙሉ «አንቺ» ያለቻትን ልጅ «እርስዎ» ስትላት ልጅቷ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች።

«አዎ… እኔ ነኝ። እንኳን ደህና መጡ።»

«ይህ ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ?»

የጋለሪ ባለቤቷ ለመስማት ዞር አለች። መሸሻ አልነበረም።

«ጀርባ ነው» አለች ልጅቷ። «የእናቴ ጀርባ። ልጅ ሆኜ የሚተየብ ሥራ ወደ ቤት ይዛ ትመጣ ነበር። እኔ ከፍራሼ ላይ ሆኜ የማየው ጀርባዋን ነው። የጽሕፈት መኪናው ሲንኳኳ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ዝም ሲል እነቃለሁ።»

«ይቺ ትከሻዋ ናት?»

«አዎ። ሲደክማት በአንድ በኩል ዝቅ ይል ነበር።»

አክስቴ ሳይታወቃት ትከሻዋን አስተካከለች።

«እናትዎ አይተውታል?»

«አላየችውም።»

«ስለምን?»

የአክስቴ ልጅ መሬት መሬት አየች። «እንዲህ ብታደርጊው፣ እንዲያ ብታደርጊው ትለኛለች ብዬ። ሌላውን ትበል። ይሄኛውን ግን… ይሄኛውን አልችልም።»

የአክስቴ አፍ ሲከፈት አየሁ። ይህን አከፋፈት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አፏ ተመልሶ ተዘጋ።

«ደግ አደረጉ» አለች በመጨረሻ። «እንዲሁ ይተዉት። ምንም እንዳይነኩት።»

የጋለሪ ባለቤቷ ጠጋ አለች። «እኔም እሱን ልልሽ ነበር» አለቻት ለልጅቷ። «እሱንም ሌሎቹንም በዚህ ሳምንት ጋለሪው ድረስ ይዘሽልኝ ነይ። አብረን እንሠራለን።»

የአክስቴ ልጅ የቡዙን ጠረጴዛ ተደገፈች። ያን ጊዜ ነው ነገር የተበላሸው።

«ምሳ በልተሻል?» አለች አክስቴ።

የጋለሪ ባለቤቷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ሁለቱን አየቻቸው። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ አላውቃቸውም» አለች አክስቴ።

«እናቴ ናት» አለች ልጅቷ በዚያው ቅጽበት፣ ደግሞም ጮክ ብላ፣ ጎረቤት ያሉት ቡዞች ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ።

ስንመለስ አክስቴ መኪናው ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። በመስኮቱ ትመለከታለች፣ አልፎ አልፎ ዓይኗን ትጠርጋለች። መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ቆይቶ ግን ጨነቀኝ። አክስቴን ከነአስተያየቷ ነው የምወዳት፤ ያለ አስተያየቷ አላውቃትም፣ ለማወቅም ዝግጁ አይደለሁም። ስለዚህ ትልቁ መገንጠያ ላይ ስንደርስ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባኝ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

አክስቴ አንገቷን አዙራ መንገዱን አየች።

«በዚህ ነው እንዴ የምንሄደው?»

«በዚህ አይደለም?»

«አይደለም እንጂ፣ የኔ ልጅ። መታጠፊያውን አልፈኸዋል። ደግሞ ማርሹን ለምን እንዲህ ታስጮኸዋለህ?»

ቤት እስክንደርስ አላቆመችም። እኔም መንገዱን አንድ ጊዜ ደግሜ ሳትኩት።