ቁጥርና ቀን የሌለው ስድብ

ማስረጃን በማክበር ረገድ ዲላ ያለውን መሥሪያ ቤታችንን የሚስተካከል ከወዲህም ከወዲያም አይገኝም። ይህን የምለው የአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ አይደለም፤ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በጸሐፊያችን በአልጋነሽ ኮምፒውተር ውስጥ ስም የለሽ ደብዳቤ ተገኘ። «ኃላፊያችን ለመስክ ሥራ ቡሌ ወጡ በተባለ ቁጥር ቤታቸው ተኝተው ይገኛሉ» ይላል። ጉድ ፈላ! ኃላፊው በዕለቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ያለችው ቡሌ ነበሩ፤ ወሬው ሲደርሳቸው በዐሥር ደቂቃ ቢሮ ገቡ።

ኮምፒውተሩን ስድስት ሰው ይጠቀምበታል። የታገደችው ግን አልጋነሽ ናት።

«አልጻፍኩም! ሦስት ልጅ የማሳድገው በዚህች ሥራ ነው» ብላ አለቀሰች።

«አይዞሽ፣ ማስረጃው ራሱ ይናገራል» አሏት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወንድይራድ።

አቶ ወንድይራድ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያረሙ ሰው ናቸው። የሠርግ ጥሪ እንኳ ቁጥርና ቀን ከሌለው አይሄዱም። ስድቡን ከፍተው ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

«ቁጥር የለው፣ ቀን የለው! ይሄም ደብዳቤ ሆኖ ነው? እንዲህ ብናቀርበው መሳቂያ መሆናችን ነው።»

ስለዚህ በራሳቸው ኮምፒውተር፣ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ባለበት ቅጽ ላይ፣ ስድቡን አሳምረው እንደ አዲስ ጻፉት። «ተኝተው ይገኛሉ» የሚለውን «በእረፍት ላይ መሆናቸው ተረጋግጧል» አሉት። ቁጥርና ቀን ሰጡት። በፍላሽ ወስደው በአልጋነሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡትና ያልታረመውን፣ እንዳያምታታ፣ አጠፉት። ኮምፒውተሩ በሰም ታሸገ። አጨበጨብን።

በሳምንቱ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሀዊ ተጠርታ ከዩኒቨርሲቲው መጣች።

«ከመታሸጉ በፊት ማን ነካው?»

«ማንም! እኔ ብቻ ነኝ ያስተካከልኩት» አሉ አቶ ወንድይራድ ደረታቸውን ነፍተው።

«ማስረጃውን አስተካከሉት?»

«ታዲያ እንደዚያ ተዝረክርኮ ይቅረብ?»

ሀዊ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። «ፋይሉን የፈጠረው ወንድይራድ ይላል። የተፈጠረውም አልጋነሽ ከታገደች በሦስተኛው ቀን ነው። ሌላ ፋይል አላየሁም።»

ኃላፊው ብድግ አሉ። «ተኝቷል ያለኝስ ይሁን፤ ተረጋግጧል ያልከው አንተ ነህ?»

እሰይ! አልጋነሽ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የመጀመሪያ ሥራዋም የአቶ ወንድይራድን የእገዳ ደብዳቤ መጻፍ ሆነ። ኃላፊው ፈረሙበት፤ እሷ ወስዳ ለአቶ ወንድይራድ ሰጠቻቸው። ቁጥርና ቀን አልነበረበትም። ረስታው አይመስለኝም፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ አንጀቷን በልተዋት ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በመሥሪያ ቤታችን ደንብ አይጸናም። ዝም ብለው ኪሳቸው ቢከቱት ኖሮ ሰኞ ሥራ ይገቡ ነበር።

አቶ ወንድይራድ አነበቡት። ፊታቸው ጠቆረ።

«አልጋነሽ! ቁጥሩስ?»

«ግዴለም፣ ይተዉት» አለቻቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዴት ይተዋል!»

እስክሪብቷቸውን አወጡ። ቁጥሩን ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ መዝገብ ቤት ሄደው ማኅተም አስመቱበት፤ ከዚያ ኮታቸውን ደርበው ወደ ቤታቸው ሄዱ።