የጎማ ልደት የሚጠይቁት ጋሽ ቶኩማሩ

በየሰፈሩ የሰውን ጎማ ከባለቤቱ አስበልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቱ የልጁን ክፍል ቢዘነጋ ይቅር ይለዋል፤ የመኪናውን ጎማ ዕድሜ ከዘነጋ ግን በመጥፎ ይመዘግበዋል። እኛ ኦታሩ በምትባለው በረዷማ የጃፓን የወደብ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ የምንኖረው ሰዎች ድርሻችን ደርሶናል። ክቡር አቶ ቶኩማሩ ይባላሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። አውቶቡሱን ቢያስረክቡም ኃላፊነቱን አላስረከቡም።

ከቤታቸው አጠገብ ዳቦ ቤት የከፈትኩ ሰሞን፣ አዲስ ጎረቤት በአገራችን ደንብ እንደሚያደርገው ፎጣ በወረቀት ጠቅልዬ ልተዋወቃቸው ሄድኩ። ፎጣውን ተቀበሉ፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፣ ከዚያ በትከሻዬ አሻግረው የዳቦ መኪናዬን አዩ።

«ልደቱ መቼ ነው?» አሉኝ።

«የማን፣ ጋሼ?»

«የጎማው ነዋ!»

እዚያው መንገዱ ላይ ተንበርክከው ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አስነበቡኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። አርባ ሦስት ዓመት ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። ስሜን ሳይጠይቁኝ መሄዳቸውን ያስተዋልኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

እኛ ጋ መኪና ሁሉ ሁለት ሙሉ ልብስ አለው፤ የበጋ ጎማና የበረዶ ጎማ። አንዱ ሲለበስ ሌላው የሆነ ቦታ መተኛት አለበት፣ ጋሽ ቶኩማሩም ያን ቦታ በየቤቱ ያውቁታል። ጎማ ፀሐይ አይወድም። ሙቀት አይወድም። ዘይት አይወድም፤ የፍሪጅ ሞተር አጠገብ መተኛትም አይወድም። ከነቸርኬው ከሆነ አየሩ ቀነስ ተደርጎ አንዱ ባንዱ ላይ ይጋደማል፤ ያለ ቸርኬ ከሆነ ይቆማል፤ ሁለቱም በየወሩ ትንሽ ይዞራሉ። አንብቤ ያወቅሁት እንዳይመስላችሁ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጋሽ ቶኩማሩ ዕቃ ቤቴን ከፍተው ይገባሉ። «አዙሬልሽ ልውጣ ብዬ ነው» ይላሉ፣ ሌላ ሰው «ደህና አደርሽ» እንደሚለው።

ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ኢኖማታ የበጋ ጎማቸውን በረንዳ ላይ ከምረው የአበባ ማሰሮ አስቀምጠውበት ነበር። ጋሽ ቶኩማሩ ይህን ሲያዩ ከገዛ አልጋቸው ላይ አንሶላ ገፈው መጡ፤ አበባውን አውርደው ጎማውን እንደ ሕፃን ጠቀለሉት።

«እኔ ራሴ እንዲህ ተሸፋፍኜ አልተኛም እኮ!» ብለው ጮኹ እትዬ።

«እርስዎማ ጎማ አይደሉም» አሏቸው ጋሼ በታላቅ አክብሮት።

ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም። አንሶላው ግን እዚያው ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሱት በሽንብራ ሻጩ ጎረቤታችን ቀብር ዕለት ይመስለኛል። አስከሬኑን የያዘው መኪና ሊነሳ ሲል ጋሽ ቶኩማሩ ከሰልፉ ወጡና እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ አሉ። ሰው ሁሉ «ለካ እንዲህ ይወዱት ነበር» ብሎ እሳቸውን ተከትሎ አጎነበሰ። እሳቸው አልቀና አሉ። እኛም ለመቅናት አፈርን። ወገባችን ሊቆረጥ ሲል ቀና ብለው ለሾፌሩ በሹክሹክታ «ሦስት ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው፤ ሂድ» ሲሉት ሰማሁ።

ባለፈው ዓመት በረዶው ሊጥል ሲቃረብ ተራው የኔ ሆነ። ከአክስቴ ከነመኪናው የወረስኩት የበረዶ ጎማ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አክስቴ ግን እምብዛም ስላልነዳችው አዲስ ይመስላል።

«ይሄ ሞቷል» አሉኝ ጋሽ ቶኩማሩ።

«ጋሼ፣ ጥርሱ እኮ ገና ሙሉ ነው!»

«ጥርስማ የኔም ሙሉ ነው። ላስቲኩ ደርቋል። በረዶ ላይ እንደ ሳህን ነው የሚንሸራተተው።»

መኪናው ሥር የተሰቀለውን ስኮርታ ጎማማ አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ዳቦ ቤት እየመጡ ከመደርደሪያው ትኩስ ዳቦ ያነሱና በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። «አየሽ ሲመለስ? የበረዶ ጎማ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።» የተጫኑትን ዳቦ ማን ይገዛል? ይዘውት ይሄዳሉ። በሰባተኛው ዳቦ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ በጎማዬ አይግቡብኝ! የራስዎን ይጠብቁ።»

በማግስቱ እንደየዓመቱ ክሪካቸውን ይዘው መጥተው የበጋውን አወለቁልኝ፣ የበረዶውን ገጠሙልኝ፣ ብሎኑን አጠበቁ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዳቦ መጫኑንም ተዉ። «አሸነፍኳቸው!» ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ኮራሁ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ዝናብ ጣለና አድሮ በረዶ ሆነ። ጠዋት መኪናዬን ዳቦ ሞልቼ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ እትዬ ኢኖማታ ገበያቸውን የጫኑባትን ትንሽ ሸርተቴ እየጎተቱ መሐል መንገድ ላይ ቆመዋል። ፍሬን ያዝኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልዋሽም። መኪናው አጉረመረመ፣ ተንገጫገጨና ቆመ። ስገልጥ እትዬ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው እያዩኝ ነው።

«ዳቦውን እዚሁ ልታወርጂልኝ ነው?» አሉኝ።

ከመኪናው ወረድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ፈቃድ ተንበርክኬ ቁጥሩን አነበብኩ። ጎማው የተወለደው በዚያው ዓመት ነበር። የኔ አልነበረም።

ቀጥታ ጋሽ ቶኩማሩ ግቢ ሄድኩ። በጎማ ልክ ከኔዋ ጋር እኩል የሆነችው ትንሿ መኪናቸው ሸራ ለብሳለች። ሸራውን ገለጥኩት፤ እግር የላትም፣ አራት ጉማጅ እንጨት ላይ ተቀምጣለች። ባለቤቷ በጀርባቸው ቦርሳ አንግተው፣ ከቦርሳው ባሮ ሽንኩርት ብቅ ብሎ፣ በእግራቸው ከሱቅ እየተመለሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ጎማዎ የት ሄደ?»

«እያረፈ ነው።»

«መኪናዬ ላይ ነው የሚያርፈው?»

ባሮ ሽንኩርቱን ወደ ቦርሳው መልሰው ጠቀጠቁት። «አንቺ ዳገቱን በቀን ሦስቴ ትመላለሻለሽ። እኔ ለሽንኩርት ነው የምወርደው።»

«ታዲያ አይነግሩኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ! ሰባት ጊዜ።»

የዚያኑ ዕለት አዲስ ጎማ አዘዝኩ፤ በዚያ ወቅት ግን የማያዝዝ ስለሌለ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ነው የሚደርሰው ተባልኩ። ጎማቸውን አውልቄ ልመልስ ስል ክሪኩን ደብቀው «አዲሱ ሳይመጣ አይነካም» አሉ። ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ጋሽ ቶኩማሩ የአኩሪ አተር እርጎ ሊገዙ በእግራቸው ሲወርዱ አዳልጧቸው ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል ስደርስ እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ነርሷ ቦት ጫማቸውን በከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ገልብጬ ሶሉን በጥፍሬ ጫን አደረግኩት። ድንጋይ ነው። ጎንና ጎኑ ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ቦት ጫማ ስንት ዓመቱ ነው?»

ጣሪያውን አዩ። መስኮቱን አዩ። የጎረቤት አልጋ በሽተኛውንም አዩ።

«አሥራ አራት» አሉ በመጨረሻ። «ግን ጥርሱ ገና ሙሉ ነው።»

ነርሷ መርፌዋን አስቀምጣ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትስቅ ይሰማ ነበር። እኔ ግን መሳቅ ጀምሬ መሐል ላይ እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ እሳቸውም እንዳላዩ ሆነው ስለ ምሳው መጥፎነት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ።

ጀሶው የወጣላቸው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ከሆስፒታል በመኪናዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ሰው ሲነዳ መቀመጥ እንደማይችሉ አስቀድመው አስጠነቀቁኝ፤ እውነትም በመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር። የባሕሩን ዳር ይዘን ትንሽ እንደሄድን ግን እግራቸው ዝም አለ። ዞር ብዬ ባይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።

ሰፈራችን ደረስን፤ ጋሼ አሁንም አልነቁም። እትዬ ኢኖማታ በተዘጋው ዳቦ ቤቴ በር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁኛል። በመስኮቱ ይቅርታ የሚል እጄን አወጣሁላቸውና፣ ቀስ ብዬ ዞሬ ተመልሼ ወደ ባሕሩ መንገድ ነዳሁ።